ቀትር ላይ የሚደክመው የቶጎጫሌ ሶላር

በዚህ ጉዞ ላይ የነበርነውን መጀመሪያ አንድ በአንድ ልጥራ። ጅጅጋ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጠው የአጎቴ ልጅ ተስፋዬ ነበረ። ከሱቁ አጠገብ ስልክ የሚሸጠው አብዲ ነበረ። የአብዲ እህት ሆዳን ነበረች፤ በድንበሯ ከተማ በቶጎጫሌ ዳር ለጭነት መኪና ሾፌሮች ሻይና ምግብ ታቀርባለች። ከሆዳን ጋር የሚኖሩት እናታቸው ወይዘሮ ሰህራ ነበሩ፤ እኔም እንደ ልጆቻቸው «ሆዮ» እያልኩ ጠራኋቸው፣ በሶማልኛ እናቴ እንደማለት ነው። የአብዲና የሆዳን የአክስት ልጅ፣ የሆዳንም ጎረቤት የሆነው ግንበኛው ፋራህ ነበረ። ስድስተኛው እኔ ግሩም ነኝ፣ ከደብረ ብርሃን የሄድኩት።

ደብረ ብርሃን ላይ ሬዲዮ፣ ስልክና ሶላር እጠግናለሁ። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ የተበላሸ ዕቃ እየፈታሁ፣ ከዕቃው ጋር የሚመጣውን ወረቀት ደጋግሜ እያነበብኩ ለመድኩት። ይህን የምጽፈውም ለሰፈሬ ሰዎች ነው። ከተመለስኩ ጀምሮ ስለ ጅጅጋ ይጠይቁኛል፤ እኔ ደግሞ ብዙ ሰው ፊት ማውራት አይሆንልኝም።

የሄድኩት ተስፋዬ ደውሎልኝ ነው። የአብዲ እናት የስኳር ሕመም አለባቸው፤ በየቀኑ ኢንሱሊን ይወጋሉ። የሆዳን ቤት ያለበት የቶጎጫሌ ዳር የመብራት መስመር ስለማይደርሰው መድኃኒቱ የሚቀመጠው በሶላር በሚሠራ ትንሽ ፍሪጅ ውስጥ ነው። ፍሪጁ በብርዱ ወራት ደህና ሠርቶ የካቲት ሲገባ መቆም ጀመረ። በዚያው ሰሞን ሆዮ ታመው ጅጅጋ ሆስፒታል ተኙ፤ ሐኪሙ መድኃኒቱን ሙቀት ሳያበላሸው እንዳልቀረ ጠረጠረ። ተሽሏቸው ቶጎጫሌ ከተመለሱ በኋላ አብዲ ፍሪጁ ካልተስተካከለ እናቱን መብራት ወዳለበት ጅጅጋ ሊያመጣቸው ቆርጧል። እሳቸው ደግሞ አሻፈረኝ ብለዋል። «ሁለቱ መሃል ገብቼ ልታመም ነው» አለኝ ተስፋዬ። «እባክህ ናና እየው።»

ሰኞ ከአዲስ አበባ ገና ሳይነጋ በአውቶቡስ ተነሣሁ። ከቤት ስወጣ የለበስኩትን ወፍራም ጃኬት አዋሽ ስንደርስ አውልቄ ጉልበቴ ላይ አደረግኩት፤ እስከ ሐረር ድረስ እንደ ሕፃን ታቅፌው ሄድኩ። አጠገቤ የተቀመጡት የጭሮ ሰው «ልጄ፣ ከየት ነው የመጣኸው?» አሉኝ። ደብረ ብርሃን ስላቸው ጃኬቱን ዳበስ ዳበስ አድርገው «ታዲያ ይሄ የቤተሰብ አባል ነዋ» አሉ። ምሳ ጭሮ ላይ በላን። ሁዳዴ ስለነበር ሽሮ አዘዝኩ፤ ከእኛ ሽሮ ይልቅ ቀጠን ብሎ በርበሬው የበረታ ነው። ሐረር የደረስነው ሲመሻሽ ነው። ያደርኩበት ክፍል መስኮት ስላልነበረው በሩን ገርበብ አድርጌ ተኛሁ። እኛ ጋ በዚያ ሰዓት በሩን ዘግተን፣ ከበሩ ሥር ጨርቅ እንወትፋለን።

ማክሰኞ ጠዋት ከሐረር ወደ ጅጅጋ በሚኒባስ ስሳፈር ጥፋት ደረሰብኝ። ረዳቱ የመሣሪያ ቦርሳዬን ጣሪያ ላይ አሰርኩት ያለኝ፣ አጠገባችን በቆመው በሌላው ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ኖሯል። ይህን ያወቅኩት ባቢሌን አልፈን ነው። ሰው ሁሉ ስለ ባቢሌ ድንጋዮች ይነግረኝ ነበር፤ አንዱ ባንዱ ላይ ተነባብረው የቆሙትን አየኋቸው መሰለኝ፣ እኔ ግን የማስበው ስለ ቮልት መለኪያዬ ብቻ ነበር። ሾፌሩ፣ ስሙን ሳልጠይቀው የቀረሁት፣ ሦስት ቦታ ደውሎ ቦርሳው ያለበትን አገኘልኝ። በሌላ መንገድ ሄዶ ስለነበር የሚመለሰው በማግስቱ ማታ ነው። «አይጠፋም ወንድሜ። እዚህ መስመር ላይ ዕቃ ይዘገያል እንጂ አይጠፋም» አለኝ። እውነቱን ነበር።

የካራማራን ተራራ ወርደን ጅጅጋ ስንገባ መጀመሪያ የተቀበለኝ ነፋስ ነው። ከተማው ሜዳ ላይ ስለተዘረጋ የሚያቆመው ነገር የለም። ሙቀቱ እንደፈራሁት አልነበረም፤ ከአዋሽ ጋር ጨርሶ አይወዳደርም፣ ጥላ ውስጥ ደስ ይላል። ተስፋዬ በባጃጅ ተቀብሎኝ ሱቁ ወሰደኝ። አብዲም ወዲያው መጣ። ረዘም ያለ፣ ሲናገር ስልኩን በእጁ የሚያገላብጥ ሰው ነው። አማርኛው ከእኔ የፈጠነ ነው።

«ባለ ሶላሩ አንተ ነህ?»

«እሞክራለሁ።»

«ቦርሳህስ?»

«ሌላ መኪና ወሰደው።»

ተስፋዬን ዞሮ አየው። «ሐኪም አመጣሁልህ ብለኸኝ መርፌውን የጣለ ሐኪም ታመጣልኛለህ?» ከዚያ ሳቀና ምሳ ጋበዘኝ። ባሪስ የሚሉትን ሩዝ ያለ ሥጋ እንዲያመጡልኝ አዘዘ፤ አስተናጋጁ ሩዙ በሥጋ መረቅ እንደተቀቀለ ሲነግረው ደግሞ ተነሥቶ ከመንገዱ ማዶ ፍርኖ ዳቦና ባቄላ ገዝቶልኝ መጣ። እኔ ምንም አላልኩም ነበር። «እዚህ ያደገ ሰው የእናንተንም ጾም ያውቃል» አለኝ።

ረቡዕ ቦርሳዬን እስካገኝ ሥራ ስላልነበረኝ አብዲ ለደንበኛው የስልክ ቻርጀር ለማድረስ ሸደር ሲሄድ ተከተልኩት። ሸደር የስደተኞች መጠለያ ያለባት ትንሽ ከተማ ናት። መንገዱ ላይ አብዲ ስለ እናቱ አወራኝ። ሆዮ ቶጎጫሌን የማይለቁት ግትር ሆነው አይደለም አለ። ባላቸው የሞቱት እዚያ ነው፤ የሚያውቋቸው ሴቶች ሁሉ እዚያ ናቸው፤ ጠዋት በሩ ላይ ሲቀመጡ አላፊ አግዳሚው በስማቸው ጠርቶ ነው ሰላም የሚላቸው። ጅጅጋ ያለው ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። «እኔ ሱቅ ስውል እሷ ግድግዳ ታያለች። ይሄን አላጣሁትም» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ግን ሞታ ከምትገኝ ግድግዳ ብታይ ይሻላል» አለ።

ሸደር ላይ የውሃ ፓምፕ የሚያንቀሳቅሱ ብዙ ሶላሮች አየሁ። ከመሬት ከሰው ቁመት በላይ ከፍ ብለው በብረት ምሰሶ ላይ ቆመዋል፤ ከሥራቸው ክፍት ስለሆኑ ፍየሎች ጥላው ውስጥ ተኝተው ያመሰኳሉ። ቀትር ነበር፣ ውሃው ግን በቧንቧው በደንብ ይወርዳል። ፍየሎቹን አይቼ ፈገግ ብዬ አለፍኩ። ሌላ ምንም አላሰብኩም። ማታ ቦርሳዬ ደረሰ፤ ረዳቱ ዚፑን ሳይነካ እጄ ላይ አስረከበኝ።

ሐሙስ በአብዲ መኪና ወደ ቶጎጫሌ ሄድን። የኋላው ወንበር ላይ ለእናቱ የተዘጋጀ ትራስና ብርድ ልብስ ነበር። አላመነኝም ማለት ነው፤ አልፈረድኩበትም። ሜዳው ሰፊ ነው። እኛ ጋ ሜዳ ስንል በጎንና በጎኑ ተራራ ያለውን ነው፤ እዚህ ግን ዓይን የሚያርፍበት የለውም። ከድንበሩ ማዶ ጨርቅ፣ ሩዝና ኤሌክትሮኒክስ ጭነው የሚመጡ መኪኖች ከፊት ለፊታችን አቧራ እያስነሡ አለፉን።

የሆዳን ቤት ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። በሩ ላይ ሆዮ ሰህራ ተቀምጠው ነበር። ቀጭን ናቸው፣ ጥቁር ጋርቦሳር ተከናንበዋል። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ብዙ ጠየቁኝ፤ ሆዳን ተረጎመችልኝ። «መንገዱ እንዴት ነበር፣ እናትህ አለች ወይ፣ ይሄን ያህል መንገድ የመጣኸው ለእኔ ነው ወይ፣ ነው የምትለው።» አዎ ስላቸው አብዲን እየጠቆሙ አንድ ነገር አሉ። ሆዳን ሳቀች። «‹ይሄኛው ሊጭነኝ መጣ፣ አንተ ግን ልታስቀረኝ› አለች።»

ሥራ ጀመርኩ። መጀመሪያ አቧራ ጠረጠርኩ፤ ሆዳን ግን ሶላሮቹን በየጠዋቱ ስለምትወለውል ከቤቷ ብርጭቆ ይበልጥ ያበራሉ። ከዚያ ባትሪ ጠረጠርኩ። ለካሁት፤ ግማሽም አልሞላም። «ባትሪው ደክሟል» አልኩ።

አብዲ ስልኩን ማገላበጡን አቆመ። «ባትሪውን የገዛሁት የካቲት ላይ ነው። የመጀመሪያው ባትሪ ደከመ ተብሎ።»

ወደ እህቱ ዞሮ በሶማልኛ አጭር ነገር አላት። በኋላ ሆዳንን ጠየቅኳት። «ነገ ከጁምዓ በኋላ እንወስዳታለን፣ ልብሷን አዘጋጂ» ነው ያላት።

መሰላል ጠይቄ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ልክ ቀትር ነው። ሁለቱ ሶላሮች ከቆርቆሮው ጋር ተጣብቀው ተኝተዋል፤ ዙሪያቸው በሙሉ በሲሚንቶ ተለስኗል። ልስኑ የሚያምር ሥራ ነው፣ ጠርዙ በክር የተለካ ይመስላል። ሚዛኔን ለመጠበቅ አንዱን መስታወት በመዳፌ ደገፍ አልኩና ወዲያው እጄን አነሣሁ። መዳፌ ቀላ። እኔ ባገሬ ስንት ጣሪያ ላይ ወጥቼ ስንት ሶላር ነክቻለሁ፤ እዚያ በጥቅምት ቀትር ላይ እንኳ ሶላር ሲነኩት ለብ ያለ ነው። እዚህ አየሩ ደስ እያለ፣ ነፋሱ ሸሚዜን እያራገበ፣ ሶላሩ እንደ ምጣድ ግሏል።

ያኔ ነው ጀርባው ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ትዝ ያለኝ። ሁሉም ሶላር ላይ አለ፤ ቁጥሮቹ የተለኩት በሃያ አምስት ዲግሪ ነው ይላል። ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። እኛ ጋ ግን ብርዱ ራሱ ስለሚያቀዘቅዘው ትርጉሙ ኪሴ ውስጥ እንዳለ ድፍን ብር ሳልመነዝረው ቆይቷል። ሶላር የሚበላው ብርሃኑን እንጂ ሙቀቱን አይደለም። ከዚያ ዲግሪ በላይ በጋለ ቁጥር ጉልበቱ በየዲግሪው ከመቶ አንዱ እጅ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ያህል ይቀንሳል። ትንሽ ይመስላል። ሶላሩ ከዚያ በላይ ሃምሳ ዲግሪ ሲግል ግን ከአምስት እጅ አንዱ ሄደ ማለት ነው። የሚቀንሰው ደግሞ በተለይ ግፊቱ፣ ቮልቱ ነው። ባትሪ እንደ ከፍታ ላይ ያለ ሮቶ ነው፤ ውሃው ግፊት ካነሰው ወደ ላይ ይጓዛል፣ ግን አይሞላም። ሽቦውም ቀጭንና ረጅም ስለነበር የተረፈውን ግፊት መንገድ ላይ በላው።

ወርጄ ሲሚንቶውን ማን እንደሠራው ጠየቅኩ።

«እኔ» አለ ከኋላዬ አንድ ሰው። ፋራህ ነው። ትከሻው ሰፊ፣ ጢሙ በሂና የቀላ፣ አማርኛን ሐረር በግንባታ ሥራ የተማረ። «ባለፈው ክረምት ነፋሱ የጎረቤቱን ሶላር ወስዶ ግመል ላይ ጣለው። ይሄንን ግን ጂኒም አያነሣው።»

«ጥሩ ሥራ ነው። ግን መተንፈሻ አጥቷል» አልኩት።

«ሶላር ይተነፍሳል?»

«ከሥሩ ነፋስ ካላለፈ ይግላል። ሲግል ይደክማል።»

ፋራህ አብዲን አየው፣ አብዲ እኔን አየኝ። «ወላል፣ ፀሐይ የሚበላ ዕቃ ፀሐይ በዛብኝ ይላል?» አለ ፋራህ፤ ወላል ወንድሜ ማለት ነው። «እንደዚያማ ከሆነ ቀትር ላይ እንደ ቢሮ ሰው ቤቱ ገብቶ ጫት ይቅማል በለኛ።» ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ። ግን ልስኑን ሊያፈርስ አልፈቀደም። ነፋሱ ቢወስደው ጥፋቱ የማን ነው ባይ ነው። ትክክል ነበር። አፍ ያለው ሁሉ በነገረው ቁጥር ሥራውን የሚያፈርስ ግንበኛ የለም። ነገ ጠዋት ላሳይህ አልኩት።

የዚያን ዕለት እራት ሆዳን ያለ ቅቤ፣ ያለ ሥጋ፣ በቲማቲምና ድንች ሩዝ ሠራችልኝ። ለዚህ ብላ ለብቻው ሌላ ድስት ማጠቧን ያየሁት በኋላ ነው።

ዓርብ ፀሐይ እንደወጣች ጣሪያው ላይ ሦስታችን ነበርን፦ እኔ፣ አብዲና ፋራህ። ሆዮና ሆዳን ከታች ሆነው ይጠብቃሉ። መለኪያውን ለፋራህ ሰጠሁት፤ ራሱ ያንብብ። ሶላሩ ሌሊቱን በርዶ ስላደረ ገና በማለዳ ብርሃን ከሃያ አንድ ቮልት በላይ አሳየ። ቁጥሩን ጮክ ብሎ ወደ ታች ነገራቸው። ከዚያ ሆዳን ላሆህ የሚሉትን ቁርስ ላከችልን፤ የእኛን እንጀራ ይመስላል፣ ግን ትንሽና ለስላሳ ነው። እነሱ በቅቤና ስኳር፣ እኔ በሻይ በላሁት። ፀሐይ ከፍ ስትል ፋራህ እንደገና ለካ። ወርዷል። ቆይቶ ለካ፣ ሌላም ወርዷል።

«ፀሐይዋ ትወጣለች፣ ቁጥሩ ይወርዳል» አለ ፋራህ። መለኪያውን ነቀነቀው። «ይሄ ዕቃ ሌባ ነው።»

«ሌላ አምጣና ለካበት።»

የእውነቱን ከጣሪያው ወረደና ከስልክ ጠጋኝ ሌላ መለኪያ ተውሶ መጣ። ያም ያንኑ ተናገረ። ረፋዱ ሲያልቅ አሥራ ስምንት ደርሶ ነበር። ፋራህ መዳፉን መስታወቱ ላይ አሳረፈ፣ አነሣ፣ አሸው። ሆዮ ከታች ሆነው አንድ ነገር ጠየቁት። መልሱን ሲሰጥ እሳቸው ሳቁ፤ ሆዳን ወደ እኔ ቀና ብላ ተረጎመች። «‹በቀትር ብርድ ልብስ አልብሰኸው ሩጥ ስትለው ነበር› አለችው።»

ፋራህ መሮና መዶሻ አመጣ። ልስኑን ያፈረሰው ራሱ ነው፤ ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈቀደም። አንዱም መስታወት አልተጫረም። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ብየዳ ቤት ሄደን የብረት ክፈፍ አሠራን። እኔ የፈለግኩት ከቆርቆሮው አንድ ስንዝር ተኩል ከፍ እንዲል ነው። ነፋሱን የሚችል እግር ግን እኔ አላውቅም፤ ያን ያወጣው ፋራህ ነው። እግሮቹን ቆርቆሮው ላይ ሳይሆን ግድግዳው አናት ላይ፣ ብሎኬቱን ሰርስሮ በሲሚንቶ ተከላቸው። «ነፋሱ ይለፍ ብለሃል፣ ይለፍ» አለ። «ይዞት አይሄድም።» ሽቦውንም በወፍራም ለወጥኩና አሳጠርኩት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጨረስን። አብዲ በዚያ ቀን እናቴን እወስዳለሁ ያለውን አላነሣም፤ ልብሳቸው ግን በር አጠገብ በፌስታል ተቋጥሮ እንደተቀመጠ ነው።

ቅዳሜ ምንም ሥራ አልነበረኝም፣ መጠበቅ ብቻ። ደግ ቀን ነበር ማለት አልችልም። ሞቃት ነበር፤ እንዲሆንም እፈልግ ነበር። ቀትር ላይ ሶላሩ ሲነኩት ይሞቃል እንጂ አያቃጥልም፤ ቮልቱ ከአሥራ ዘጠኝ ከፍ ብሎ ቆመ። ደብረ ብርሃን ቢሆን ከዚህ ይበልጣል። ያጣነውን ሁሉ አልመለስንም፤ የተመለሰው ይበቃ እንደሆነ ግን ገና አላወቅንም። የከሰዓት በኋላው ሶላት፣ አሱር፣ ሲጠራ ባትሪው ሞልቷል የሚለው አረንጓዴ መብራት በራ። ሆዳን የካቲት ከገባ ወዲህ አይቼው አላውቅም አለች። አብዲ ሻይ ይዞ ፍሪጁ ፊት ተቀመጠ።

እሁድ ጠዋት ፍሪጁ ሲሠራ አድሯል። ውስጡ ያስቀመጥኩት ቴርሞሜትር አምስት ዲግሪ ይላል፤ ለመድኃኒቱ የሚፈለገው ከሁለት እስከ ስምንት ነው። አብዲ ራሱ አውጥቶ አነበበው፣ መለሰው፣ በሩን ዘጋ፣ እንደገና ከፍቶ አነበበው።

«ብትከፋፍተው ይሞቃል» አልኩት።

ዘጋው። በር አጠገብ ያለውን ፌስታል አንሥቶ ለእህቱ ሰጣትና «ልብሷን መልሺው» አላት፤ ይህንን እንድሰማው መሰለኝ በአማርኛ ነው የተናገረው። ወደ ጅጅጋ ልንመለስ መኪናው ውስጥ ገብተን ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ሆዮ ከበሩ ተነሥተው መጡ። ፌስታሉ በእጃቸው ነበር። ሆዳን ከኋላቸው ትስቃለች። የኋላውን በር ከፍተው ትራሱን አስተካክለው ተቀመጡ።

አብዲ ወደ ኋላ ዞረ። በሶማልኛ ጠየቃቸው፣ መለሱለት። ሆዳን በመስኮቱ ጎንበስ ብላ ነገረችኝ። «‹አሁን መመለሻ አለኝ፤ ስለዚህ የልጄን ቤት ላየው እችላለሁ› አለች። እስከ ሐሙስ ነው የምትቆየው። መድኃኒቷን በረዶ ባለበት ፔርሙስ አሽጌ ሰጥቻታለሁ።»

አብዲ እንደማይቸኩል ሰው ነዳ። በየሰፈሩ ሰው ሆዮን በስማቸው እየጠራ ሰላም ሲላቸው ይቆምላቸው ነበር። ጅጅጋ ለመድረስ ከሄድንበት እጥፍ ጊዜ ፈጀብን፤ ኬላው ላይ ፈታሹ ቴርሞሜትሬን አገላብጦ ሲያይ ሆዮ ምን እንደሆነ በማላውቀው ቋንቋ አስረዱት፤ አሳለፈን።

እኔ ያየሁትና የሰማሁት ይህን ያህል ነው። ቋንቋውን ስለማላውቅ ግማሹ አምልጦኛል፤ ስለዚህ ይህን ለእነሱም ልኬ የቀረውን እጠይቃቸዋለሁ። ሆዳን፣ ቅዳሜ ማታ ከእናትሽ ጋር ስታወሩ ስሜን ሰማሁ፤ ምን እንደነበረ ጻፊልኝ። ፋራህ፣ የክፈፉን እግር ጥልቀት በትክክል አልለካሁትም፤ እኛ ጋም ነፋስ ስላለ ላክልኝ። ተስፋዬ፣ የሚኒባሱን ሾፌር ስም አጣራልኝ። አብዲ፣ ሆዮ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወጥተው መስኮቱን ሲከፍቱ ምን አሉ? ከዚያ በፊት ከመኪናው ወርጄ ነበር፤ አንተ ብቻ ነህ የምታውቀው።